ብሩ የወር፣ ምግቡ የግማሽ ወር፦ የአንዲት ነን ካፌ ተማሪ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የምትማረው ከአዲስ አበባ ርቆ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ስሟንም አልጠራም። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት። እኔ ሥነ ምግብ ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ቤተሰቦቿ «እስኪ አንተ አናግራት፣ እኛን አትሰማም» ብለው ላኩብኝ። ጉዳዩን ልጽፈው ስላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብሩን እንዳልደብቀው። ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚያወራ ሰው ሁሉ ዋጋ ሳይጠራ ነው የሚያወራው አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቅሬታዋ ድካም ነበር። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ዶርሟ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ አንዳንዴም ያዞራታል። እሷ «ጨጓራዬ ነው» ብላ ደምድማለች። ካምፓስ ውስጥ እኮ ሁሉም በሽታ ጨጓራ ነው። ጥር ላይ ክሊኒክ ሄዳ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ነገር፣ 11.1 ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። የአይረን (የብረት ማዕድን) ክኒን ታዘዘላት፣ «ጥሩ ጥሩ ምግብ ብዪ» ተባለች፣ አለቀ። ጥሩ ጥሩ ምግብ ማለት ምን እንደሆነ፣ በስንት ብር እንደሚገዛ የነገራት የለም። እሷም ሥጋና ወተት ማለት ነው ብላ ተረዳችው፣ ስለዚህ «ለእኔ አይሆንም» ብላ ተወችው።

ነን ካፌ ነች። ለማታውቁ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግቢው ካፌ መብላት ካልፈለገ ለምግቡ የተመደበውን በጀት በጥሬው ይወስዳል። በጀቱ ለዓመታት በቀን 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 100 ብር ገባ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፣ በወጪ መጋራት ውሉ ላይ ተጽፎ ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። እና በወር 3,000 ብር ማለት ነው። ከቤት 1,000 ብር በቴሌብር ይላክላታል። ከ4,000ው ላይ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒና የስልክ ካርድ ወደ 900 ብር ይወስዳሉ። ለሆዷ የሚቀራት 3,100 ነው። (ዋጋዎቹ ሁሉ የዚያች ከተማ፣ የ2017 ሁለተኛ ሴሚስተር ናቸው። እናንተ ስታነቡት ጨምረው እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ቁጥሩን ትታችሁ አካሄዱን ተመልከቱ።)

ምን እንደምትበላ ስጠይቃት «ያገኘሁትን» አለችኝ። ይህ መልስ ለሐኪምም ለእኔም አይጠቅምም። ደግነቱ ግቢው ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ እሷም ጥሬ ብር አትይዝም። ስልኳን ተቀብዬ ክፍያዎቿን ወደ ኋላ እየሳብኩ አየሁ። ሁሉ ነገር እዚያ ተጽፏል። ብሩ በገባበት ሳምንት 70፣ 90፣ 30፣ 90፣ 110 እያለ ይሄዳል፤ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ግን 10፣ 10፣ 20፣ 10 ብቻ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስልክ ይመስላል።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት እንዲህ ነበር። ጠዋት ሻይ በጮርናቄ፣ 30 ብር። ምሳ ፓስታ ወይም እርጥብ፣ 70። ከሰዓት ላውንጅ ማኪያቶ፣ 30። እራት ፍርፍር ወይም ሽሮ፣ 90። በቀን 220 ብር ነው፤ 3,100ን ለ220 አካፍሉት፣ 14 ቀን። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሻይ በዳቦ ነው፣ ካፌ የሚበሉ ጓደኞቿ በኪሳቸው የሚያወጡላት ዳቦ፣ አንዳንዴም ብድር። ብድሩ ደግሞ የሚመለሰው ከሚቀጥለው ወር ብር ላይ ስለሆነ ቀጣዩ ወር ገና ሲጀምር 500 ብር ጎድሎት ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ይህች ልጅ አባካኝ አይደለችም፣ በልታ የጠገበችበት ቀንም አልነበረም። ችግሩ ብሩ ምግብ የሚሆነው በየቀኑ፣ በየሳህኑ፣ በችርቻሮ መሆኑ ነው። በችርቻሮ ስትበሉ የምትከፍሉት ለእህሉ ብቻ አይደለም፣ ለቤት ኪራዩም፣ ለአስተናጋጇም፣ ለቴሌቪዥኑም ነው።

የምግቡ ዓይነት ሌላ ጉድ ነው። የሴቶችን አመጋገብ ለመገምገም የምንጠቀምበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ምግቦችን በ10 ምድብ ይከፍላል፦ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝና የቅባት እህል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ እንደ ካሮትና ፓፓያ ያሉ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ፣ ሌላ አትክልት፣ ሌላ ፍራፍሬ። በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ከ5ቱ የቀመሰች ሴት ደህና ናት ይባላል። ለጣዕም ጣል የተደረገ ነገር አይቆጠርም፣ 15 ግራም መሙላት አለበት፤ በርበሬ አትክልት ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ። የእሷን ቀን ስንቆጥረው ጮርናቄ እህል፣ ፓስታ እህል፣ ዳቦ እህል። ማኪያቶዋ ውስጥ ያለችውን ወተት ብቆጥርላት፣ ሽሮ የበላችበት ቀን ከሆነ፣ በጥሩ ቀን 3። በወሩ መጨረሻ 1።

እንግዲህ ወደ ሻይ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው እሱን ስለሆነ። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር በምግብ ውስጥ ያለውን አይረን ይዞ ወደ ደም እንደ ልብ እንዳይገባ ያደርገዋል፣ በተለይ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠል የሚገኘውን። እሷ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሻይ ትጠጣለች፣ ሁሉንም ከምግብ ጋር። የባሰው ደግሞ ክኒኑ ነው። ባዶ ሆዷን ስትውጠው ስለሚያቅለሸልሻት በምን እንደምትውጠው ገምቱ። በሻይ! ክኒኑን በውሃ፣ ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀሽ፣ ምግብ ላይ ደግሞ ሎሚ ጭመቂ አልኳት። ቫይታሚን ሲ አይረኑ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ይህ ምክር የሎሚዋን ሳንቲም ካልቆጠርን ነጻ ነው፣ ለዚህም ይመስለኛል ሳታንገራግር የተቀበለችው።

የቀረው ግን በነጻ የሚሆን አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ለተማሪ የሚሰጠው ምክር «እሁድ አብስለህ በየዕቃው ከፋፍለህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» ነው። የቱ ፍሪጅ? ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚኖሩት። ስቶቭ ክልክል ነው፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ አንዱን ወስዳባቸዋለች። ውጪ ተከራይቶ ማብሰል ደግሞ የኪራዩን ብር ከየት አምጥቶ። ምግብ ቤቶቹ ኮንትራት አላቸው፣ ምሳና እራት በወር 3,600 ብር፣ ሳህን በ60 መሆኑ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ከ3,100 ይበልጣል። ቁርስም የለውም።

መፍትሔው የመጣው ከራሷ ነው፣ እኔ የጨመርኩት ሒሳቡን ነው። ከግቢው የኋላ በር ወረድ ብሎ አንዲት እናት እንጀራ ይሸጣሉ፣ ማታ ማታ ትንሽ ሽሮም ይሠራሉ። ተማሪው ሁሉ «ማዘር» ነው የሚላቸው። አንድ ቀን አንድ የገጠር ልጅ ከቤቱ ያመጣውን ሽሮ በፌስታል ይዞ መጥቶ «ማዘር፣ ይቺን ይሥሩልኝ፣ እንጀራውን ከእርስዎ እገዛለሁ» ሲላቸው ሰማች። እሳቸውም 10 ብር ተቀብለው ሠሩለት። ይህን ስትነግረኝ «እና አንቺ ለምን በወር አትነጋገሪም?» አልኳት። ብቻዋን ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው፣ ለአንድ ሰው ድስት የሚጥድ የለም። ሦስት የዶርም ጓደኞቿን ይዛ፣ አራት ሆነው ሄዱ።

ድርድሩ እንደ ሽማግሌ ጉዳይ ረዘመ። ማዘር መጀመሪያ ለአንድ ሰው 600 ብር ለሥራና ለከሰል አሉ። ልጆቹ 300 አሉ። «300? ከሰሉን እናንተ ታነዱታላችሁ?» አሉ። እዚህ ላይ ከአራቱ አንዷ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፣ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች፦ «ማዘር፣ እኛ በቀን ስምንት እንጀራ ነን፣ በወር 240። በ20 ብር 4,800 ብር ያስገባልዎታል። ሽሮውን እኛ ነን የምናመጣው፣ ዘይቱንም እኛ። ቢከስሩም ባይከስሩም እርስዎ ብር አላወጡም።» ማዘር ትንሽ ዝም ብለው «አንቺ ልጅ ነጋዴ ነሽ» አሉ። በ400 ተስማሙ፣ የእንጀራው ግማሽ በቅድሚያ ሊከፈል። ቅድሚያውን የጠየቁት ማዘር ናቸው፣ ልጆቹ ቅር አላቸው፣ እኔ ግን ከጠቅላላው ስምምነት የወደድኩት እሱን ነው። ብሩ ወሩ ሳይጋመስ እንጀራ ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነዋ።

ክፍያው የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲገባ እያንዳንዳቸው 850 ብር አዋጡ፣ 3,400። ያኑ ዕለት፣ ማኪያቶ ሳይገባበት፣ ገበያ ወጡ። ምስር ክክ 5 ኪሎ በ190፣ ሽሮ 5 ኪሎ በ220፣ ዘይት 2 ሊትር 520፣ ሽንኩርት 8 ኪሎ በ45። 2,930 ብር። የቀረው 470 ለአራት ሳምንት ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ተከፋፈለ፣ በሳምንት መቶ ምናምን። በርበሬውና ጨው ከየቤታቸው። ለአንዷ ስናሰላው መዋጮው 850፣ እንጀራው 1,200፣ የማዘር 400፤ 2,450 ብር። ከ3,100 ላይ 650 ተረፈ። በእሱ በሳምንት ሦስት እንቁላል፣ ሎሚ፣ ሙዝ ወይም አቮካዶ፣ ሻይም አለ። ሻይ ተከልክላ ማን ይኖራል።

አሥር ኪሎ ጥራጥሬ ለአራት ሰው ለወር ሲከፈል በቀን 80 ግራም ገደማ ለአንድ ሰው ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን ይገኛል። ሁለቱ እንጀራ ሌላ 20 ያህል ይጨምራሉ። 52 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ በቀን ወደ 42 ግራም ይበቃታል፣ ቀሪውን ቁርሱ ይሞላዋል። እንጀራና ምስር አንድ ላይ ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ያንን በብዛት አለው። አያቶቻችን ላይሲን የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፣ ግን ሽሮን በእንጀራ ነው የበሉት። ሥጋ ካልበላሁ አልበላሁም የሚል ተማሪ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ጎመኑን በተመለከተ፣ ማዘር እስኪጠቁር መቀቀል ይወዳሉ። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ከለመኗቸው በኋላ ነው ቶሎ ማውጣት የጀመሩት።

ቁርስ በሶ ሆነ። ገና ከቤት ስትመጣ እናቷ በማዳበሪያ አስረው የላኩላት በሶ አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር፣ ሳይነካ። ለምን እንዳልነካችው ስጠይቃት ሳቀች፦ «አበበ በሶ በላ ይሉኛል።» አንደኛ ክፍል ፊደል ስንቆጥር የጮህንበት ዓረፍተ ነገር ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሎ ልጅ ሲያስርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ምሥጢሩ ሲወጣ ግን ከስድስቱ የዶርም ልጆች አራቱ አልጋ ሥር በሶ ወይም ቆሎ ነበራቸው። ሁሉም እየተደባበቁ ሻይ በጮርናቄ ሊገዙ ይወጣሉ! አሁን በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን በአንድ ላይ ይበጠብጣሉ፣ በጨው፣ አንዳንዴ በሚጥሚጣ። ከሰዓት ደግሞ በማኪያቶው ፋንታ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሲገኝ ከለውዝ ጋር።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር፤ ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በዚያው ሳምንት ቀጠለ። እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ይፈርሳል ብዬ ነበር። ሦስቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ አንዷ ሙስሊም። ሦስቱ እንቁላሉን አቆሙ፣ ብሩ ወደ አቮካዶና ተልባ ዞረ። የአራተኛዋን ምሳ ማዘር በሳህን ከድነው ለኢፍጣር ያስቀምጡላት ጀመር፣ ለሱሑር በሶውን ይዛ ትገባለች። ጭራሽ ምግቡ ተሻሻለ፣ ምክንያቱም በጾሙ ሰፈሩ ሁሉ የጾም ወጥ ስለሚሠራ ማዘርም ክክና ጎመን ለገበያ አብዝተው ይጥዱ ነበር፣ ከዚያ ላይ ለልጆቹ ይጨምሩላቸዋል። መጋቢት ላይ አንዱን ቀን ስንቆጥረው እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም በሽንኩርት፣ ተልባ፣ አቮካዶ። 6 ምድብ፣ ያውም በጾም። ረጅም ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ መራቅ ከእነሱ በሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ላይ ጥያቄ ያስነሳል፣ ለእሷ ግን ከፋሲካ በኋላ እንቁላሉ ስለተመለሰ አላስጨነቀኝም።

የከፋው ሚያዝያ ነበር። ብሩ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ምክንያቱን የነገራቸው የለም፣ «ሲስተም» ተባለ። ደረቁ እህል ሊያልቅ ሲል ለእንጀራ የሚከፍሉት አጡ። ማዘር በዱቤ ሰጧቸው፣ በደብተር እየጻፉ፤ ኮንትራት የነበራቸው ሌሎች ተማሪዎች ግን ያን ሰሞን ከምግብ ቤት ተመልሰዋል። ዱቤ የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ የታወቁት ቀድመው በመክፈላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ 200 ብር ለየብቻ ይዘው ለዘገየ ወር ያስቀምጣሉ። በዚያው ወር አንዷ ወጣች፣ ፍቅረኛዋ ምሳ ይጋብዛታል። ማዘር ለሦስት ሰው በ400 አልሠራም አሉ። አራተኛ እስኪያገኙ ለሁለት ሳምንት 500 ከፈሉ፣ ከዚያ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገባች።

ግንቦት ላይ ሄሞግሎቢኗ 12.6 ሆነ። ክኒኑ ነው ወይስ ምግቡ ብትሉኝ ከሁሉ በፊት ክኒኑ ነው እላለሁ፣ በውሃ መዋጡ ደግሞ ረድቶታል። በምግብ ብቻ በአራት ወር ይህን ያህል መውጣት ከባድ ነው። ምግቡ የሚታየው ክኒኑ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ ካልወረደ ነው። ለእሷ ግን ቁጥሩ ያን ያህል አልደነቃትም። የደነቃት ወሩ በገባ በ25ኛው ቀን ምሳ መብላቷ ነው። የፈተና ሳምንት ሲመጣ አሁንም ሻይና ጮርናቄ ይመለሳል፣ ሌሊት ላይብረሪ አድረው ጠዋት በሶ የሚበጠብጥ ጉልበት የለም። ለአንድ ሳምንት ነው፣ ተውኩት።

ይህን ለመሞከር ለምታስቡ፦ ሰዎቹን ከሦስት አታሳንሱ፣ ከአምስትም አታብዙ፣ ሲበዛ አንዱ ሁልጊዜ ያልከፈለ ነው። ሽሮ ከቤት የሚላክላችሁ ካላችሁ መዋጮው በጣም ይወርዳል፣ የገበያው ሽሮ ውስጥ ምን እንደተፈጨበት አይታወቅም። ምስሩን ዶርም ውስጥ ሳይሆን ሠሪዋ ጋ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ፣ ግን መዝናችሁ። የሚዛኑ ነገር አለመተማመን እንዳይመስል መጀመሪያውኑ እሳቸው ፊት መዝኑትና ደብተራቸው ላይ ይጻፍ። ሳህን ማን እንደሚያጥብ ደግሞ ዋጋ ሳትነጋገሩ በፊት ተነጋገሩ፤ እነዚህ ልጆች ከማዘር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮራረፉት በብር ሳይሆን በሳህን ነው።